በሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ የተበላ ምሳ

የጥቅምት ሚካኤል በዋለ ማግሥት፣ በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና የሚሄደው የጠዋት አውቶቡስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ከበዓል የሚመለሰው፣ ለጉዳይ የሚሄደው፣ ዶሮ አንጠልጥሎ የገባው ሁሉ እየተጋፋ ቆሟል። እንዲያም ሆኖ በስተኋላ በኩል አንድ ወንበር ባዶውን ነበር። ከወንበሩ ጎን የተቀመጠችው ሴት ጭድ የተጎዘጎዘበት ቅርጫት ታቅፋለች፤ ከጭዱ መሐል የጀበና አንገትና የድስት ከንፈር ብቅ ብቅ ብሏል። ሸክላ ሠሪ መሆኗን ለማወቅ መጠየቅ አያሻም። ማንም አልጠየቀም፤ ሰዉ ዝም ብሎ መቆሙን መረጠ።

«ወንበር እያለ ምን ይገትራችኋል? ተቀመጡ እንጂ!» አለ ረዳቱ።

«ግድ የለም፣ ቅርብ ወራጅ ነኝ» አለ እስከ ቢቸና የከፈለ ሰውዬ።

«እኔ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል» አለች አንዲት ወይዘሮ።

መኪናው ሊነሣ ሲል ዘንቢል የያዘች፣ አርባ ዓመትን ጥቂት ያለፈች ሴት ገባች። ባዶውን ወንበር አየች፤ የቆመውንም ሰው አየች፤ ነገሩ ወዲያው ገባት። «ደህና አደርሽ እታለም» ብላ ከባለሸክላዋ ጎን ተቀመጠች። ጥቂት እንደ ተጓዙ ደግሞ ዘወር አለችና፣

«ያ በነጠላሽ ጫፍ የቋጠርሽው ቆሎ ነው አይደል? ሽታው ገደለኝ እኮ። አታቀምሽኝም?» አለቻት።

ባለሸክላዋ መጀመሪያ የጠያቂዋን ፊት፣ ቀጥሎ በዙሪያዋ የቆሙትን ሰዎች አየች። «የኔን?»

«ያንቺን ነዋ! የሾፌሩን ብጠይቀው ገደል ይከተናል።»

ባለሸክላዋ ሳቋ አመለጣት። ቋጠሮውን ፈታች። ባለዘንቢሏ ሁለት እጇን አስጠግታ ተቀበለች፤ ቆርጠም ቆርጠም አደረገችና፣ «እንዴት ያለ ሽምብራ ነው! ማነው የቆላው?» አለች።

«እኔው ነኝ።»

«እጅሽ ይባረክ። በይ ጨመር አድርጊልኝ።»

ግንደወይን ሲደርሱ ቆሎው አልቆ ሁለቱ ሴቶች የልጆቻቸውን ነገር ያወራሉ።

ከፊታቸው ብረት ጨብጦ የቆመ አንድ መንገደኛ ይህን ሁሉ ሲያይ ነበር። ሞጣ የሚኖር፣ ለዘመድ ተዝካር ወደ ቢቸና የሚሄድ ሰው ነው፤ ኋላም ይህን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው። አንድ ነገር ከነከነው። ባለዘንቢሏ ያልተቆረሰ ድፎ ዳቦ ይዛለች። ማዘኗ ከሆነ ለምን ከዳቦዋ አልቆረሰችላትም? ደግ ሰው ሲሰጥ ያውቃል፤ ደግ ሰው ሲለምን ግን አይቶ አያውቅም።

ደብረ ወርቅ መግቢያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ባለሸክላዋ ገበያዋ እዚያው ነበርና ባለዘንቢሏን ደጋግማ ተሰናብታ ቅርጫቷን ተሸክማ ሄደች። ሌላው ተሳፋሪ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተበተነ። መንገደኛው ድፍረት አገኘ።

«እኅቴ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ዘንቢልሽ ውስጥ ዳቦ አለ አይደል?»

«ርቦዎት ነው?» አለችና ለመቁረስ ዘንቢሏን ሳብ አደረገች።

«የለም፣ የለም። ዳቦ እያለሽ የሷን ቆሎ የለመንሽበት ምክንያት ሊገባኝ አልቻለም።»

ሴትዮዋ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ዓይንዎ ሌባ ነው!» አለችና ሳቀች። «ነገሩ ረዥም ነው። ይህን ያወቅሁት ከአንዲት ተማሪዬ ስሕተት ነው። ተማሪዬን ያሳሳትኳት ደግሞ እኔው ነኝ።»

ጎማው እስኪጠገን ጊዜ ነበራቸው።

ስሟ ፈንታነሽ ሣህለ ማርያም ነው። ከእሷ በፊት የተወለደው ልጅ ስለ ሞተ በሱ ፈንታ የመጣች ናት ተብሎ ስሙ ወጣላት። አባቷ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ሞጣ ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። የልጅነት ጊዜዋን ያሳለፈችው አኩፋዳ ያነገቱ ተማሪዎች ጠዋት ማታ በሚወጡበትና በሚገቡበት ግቢ ነው። ተማሪዎቹ ቅኔ ሲዘርፉ የተሳሳተው በጓደኞቹ ፊት ሲታረም፣ ነገ ደግሞ ያው ልጅ ተሽሎ ሲመጣ እያየች አደገች። ሰው እንዴት ተሳስቶ እንደሚማር ማየት ያኔም ደስ ይላት ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች። ኃላፊውን የሚጠብቅ ባለጉዳይ ሁሉ ጠረጴዛዋ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ኃላፊው ስብሰባ አያጣምና ባለጉዳዩ ችግሩን ለሷ ያወራል። ባሏ የደበደባት፣ ጧሪ ያጣው፣ ልጁ የጠፋበት። ፈንታነሽ እየተየበች ታዳምጣለች፤ አንዳንዴ መተየቡን ትተዋለች። ሰው ትንሹን ነገር ዋሽቶ ትልቁን እውነት የሚናገረው ለምን ይሆን? አንዷ አልቅሳ ስትጨርስ፣ ሌላዋ ስቃ ስትጨርስ፣ የትኛዋ ናት የባሰባት? መልሱን ፍለጋ መጀመሪያ በርቀት፣ ኋላም በየክረምቱ ባሕር ዳር እየተመላለሰች ተማረች። የተማረችው ትምህርት ሶሻል ወርክ እንደሚባል ለእናቷ ለማስረዳት ተቸግራ፣ «የሰው ችግር አብሮ መፍታት ነው» ብትላቸው፣ «ታዲያ ለዚህ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ጎረቤት መሆን አይበቃም?» አሏት። ጥያቄው እስካሁን አልለቀቃትም።

ኋላ የመሥሪያ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ስትሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ለመስክ ልምምድ ተማሪዎች ይልክላት ጀመር። ልጆቹ ንድፈ ሐሳቡን እንደ ዳዊት ይወጡታል። ሰው ደጅ መቆም ግን አያውቁም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ቢሮው በር ላይ ታለማምዳቸዋለች። አንዱ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ ይሆናል።

«ቤቶች! ብለህ ትጣራለህ፤ መልስ እስክታገኝ አንገትህን ወደ ውስጥ አታሰግግም» ትላለች።

«ካልመለሱስ?»

«ትሄዳለህ።»

«ከዚያስ?»

«ነገ ትመጣለህ።»

«ቀረጥ ሰብሳቢ መሰልን እኮ!» ብሎ አንዱ ተማሪ ሲያስቃቸው፣ «ልዩነቱን ማሳየት የናንተ ፋንታ ነው» አለችው።

አንድ ጥብቅ ደንብም ነበራት። ባለጉዳይ ቤት ምንም አይቀመስም። ደንቡን ያወጣችው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ተማሪ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያነጋግር ሄዶ በባልየው ወገን ቤት ጠላ ጠጣ። በማግሥቱ የሚስትየዋ ወገን «በጠላ የተገዛ አስታራቂ አንፈልግም» ብሎ በሩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ፈንታነሽ፣ «በሞቴ ቢሏችሁም፣ ቢያለቅሱም፣ አትቀምሱም» ማለት ጀመረች።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ትህትና የምትባል ተማሪ መጣች። ያደገችው ባሕር ዳር ነው፤ ጠንቃቃ፣ የተባለችውን የማትረሳ ልጅ ናት። ፈንታነሽ የሰጠቻት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የምስራቅን ጉዳይ ነው። ልጅቷ በትምህርቷ ከክፍሏ ከፊት ረድፍ ናት፤ ግን አንድ ቀን ትመጣለች፣ ሁለት ቀን ትቀራለች። መምህሯ ለምን እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። እናቷ አየሁሽ ትባላለች፤ ከከተማው ዳር፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸክላ እየሠራች ታሳድጋታለች።

ትህትና ሄደች፤ «ቤቶች!» አለች፤ ተጠብቃ እንደ ነበር ከአቀባበሉ ያስታውቃል። መደቡ አዲስ ተለቅልቋል። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ስለ ነበር አየሁሽ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። ትህትናም ደንቧን ተናገረች።

«በሞቴ!» አለች አየሁሽ።

«አመሰግናለሁ፣ ደንባችን አይፈቅድም።»

«አፈር ስሆን። ትንሽ ብቻ።»

«አይፈቀድልንም፣ እትዬ።»

ምስራቅ ውኃ በጣሳ ይዛ ቆማ ነበር። ትህትና እሱንም አልወሰደችም። አየሁሽ መሶቡን ከደነች። «ደንብ ነው አልሽ? ጎረቤቱ ደንብ አለው፤ ማኅበሩ ደንብ አለው፤ አሁን ደግሞ መንግሥትም ደንብ አወጣብን» አለች። ከዚያ በኋላ ለተጠየቀችው ሁሉ «እግዜር ያውቃል» እንጂ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ምስራቅ ትምህርቱን ጭራሽ ተወችው። ከፋሲካ በኋላ ከአክስቷ ጋር ባሕር ዳር ሄዳ ሰው ቤት ልትቀጠር ነው የሚል ወሬም ተሰማ።

ትህትና ቢሮ መጥታ ነገሩን ስታወራ ፈንታነሽ በእጇ አፏን ያዘች። ቢቸና ተቀምጣ፣ ሸክላ ሠሪን ሰው እንዴት እንደሚሸሽ እያወቀች፣ ዓይናቸው ክፉ ነው እየተባለ ከእጃቸው ቁራሽ እንደማይቀመስ እያወቀች፣ ደንቧን ለዚያ ቤት ሳታስብበት መስጠቷ ገረማት። የማታውቀውን ነገር መሳሳት ያለ ነው። የምታውቀውን ነገር እንዴት ረሳችው?

«ጾመኛ ነኝ ብትያቸው ምን ነበረበት?» አለቻት።

«ሰዓቱ አልፎ ነበር» አለች ትህትና እንባዋን እየጠረገች። «በጾም ደግሞ ልዋሽ?»

በማግሥቱ ትህትና ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። አየሁሽ ፊቷን ሳታጠቁር፣ «ምን አጠፋሽ ልጄ? ደንብሽ ነው» ብላ ሸኘቻት። ቀጥሎ ፈንታነሽ ራሷ ደብተርና የደንብ ልብስ አስፈቅዳ ይዛ ሄደች። አየሁሽ ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ አመስግና፣ መልሳ አስታቀፈቻት።

«ለሚማር ልጅ ስጡት። እኛ ሰጪ አጥተን አናውቅም።»

ያን ቃል ፈንታነሽ ሞጣ ድረስ ይዛው ሄደች። መሪጌታ ሣህለ ማርያም ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ከደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«እኔ እንኳ ስለናንተ ሥራ የማውቀው የለኝም» አሉ። «እኛ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ግስ ሳይቆጥር በፊት አኩፋዳ አሲዘን ለልመና እንልከዋለን። ሰዉ እህል ስላጣን ብቻ ይመስለዋል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ደጅ መቆም እንዲያውቅ ነዋ። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የቆመ ልጅ ሰጪውን ከፍ አድርጎ ያየዋል። የሀብታሙንም የድኻውንም ደጅ።»

«የሸክላ ሠሪውንስ ደጅ?»

መሪጌታ ፈገግ ብለው፣ «አብዛኛው ተማሪ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም ነበር» አሉ።

«ስለምን አባባ?»

«ቅድስና እንዳይመስልሽ። ይርበኝ ነበር። ያቺ ሴትዮ ታዲያ ከመንደሩ ሁሉ የኔን ስም ለይታ ታውቅ ነበር። ስታመም የጠየቀችኝም እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።»

ፈንታነሽ ወደ ቢቸና ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ለአየሁሽ ይቅርታም፣ ደብተርም፣ ምክርም ይዘውላት ሄደዋል። ከሷ ግን ምንም ፈልገው አያውቁም።

«ገበያ ቀን እንሄዳለን» አለቻት ትህትናን። «ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ቀበሌ ስንዞር ውለን ነው የምንሄደው። የእውነት መራብ አለብን።»

«ትወና አይደለም ማለት ነው?»

«ትወናውን ቢሮ ጨርሰነዋል።»

በገበያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት እንዳለፈ አየሁሽ ደጃፍ ደረሱ። አየሁሽ ያልደረቀ ድስት ጭኗ ላይ አድርጋ በጠጠር ትወለውላለች። ቀና ብላ አየቻቸው። «ልጅቷ የለችም» አለች።

«ለልጅቷ አልመጣንም» አለች ፈንታነሽ። «ርቦናል፣ እት አየሁሽ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፋችን አልዞረም። የሚቀመስ ነገር ካለሽ ብለን ነው።»

አየሁሽ መወልወሏን አላቆመችም። «ደንባችሁስ?»

ትህትና ቀደመች። «ደንባችን አልራበውም፣ እትዬ። የራበኝ እኔ ነኝ።»

የአየሁሽ እጅ ቆመ። ከዚያ ድስቱን አስቀምጣ እጇን ታጠበችና፣ «ከበላችሁ እዚህ ነው» አለች ወደ መንገዱ ዳር እያመለከተች። «ጓዳ ገብታችሁ ተደብቃችሁ አይደለም። እደጃፌ፣ ገበያተኛው እያየ።»

ፈንታነሽ ይህን አላሰበችም ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ግማሹ ያውቃታል። የማርያም ማኅበርተኞቿ፣ የክርስትና ልጇ እናት፣ የመሥሪያ ቤቷ ዘበኛ ሁሉ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፉት። ምነው ጓዳ ውስጥ በሆነልኝ ብላ ተመኘች። በመመኘቷም ደነገጠች። በየስብሰባው አድልዎ ይቅር እያለች የምታስተምር ሰው ናት። ደግሞም ታቦት የሚሳለም ሰው ሁሉ እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር እንዳበጀው፣ ነቢዩም ጌታን በሸክላ ሠሪ እንደ መሰለው ሲነበብ ሰምቷል፤ እሷም ሰምታለች። ታዲያ ይህ ፍርሃት የት ተቀምጦ ኖሯል?

ሁለት በርጩማ ወጣ። እንጀራው በሽሮ መጣ፤ ንፍሮም ተጨመረ። ሁለቱ ሴቶች አማትበው መብላት ጀመሩ። መንገደኛው ቀስ እያለ፣ እየዞረ እያየ ያልፋል። አንዲት ማኅበርተኛ እንስራ እንዳዘለች ቆመች።

«ፈንታነሽ! ምነው፣ ቤትሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ቤቴማ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ሽሮ ነው ያጣሁት። ነይ ቅመሽ።»

«ኧረ እኔስ ጠግቤያለሁ!»

«እማማ፣ አሁን ገና ዘጠኝ ሰዓት ማለፉ ነው» አለች ትህትና ጉርሻዋን ይዛ። «በዐቢይ ጾም የት ጠገቡ?»

ሴትዮዋ እንስራዋን አስተካክላ አዘለች። በዚህ ጊዜ ከቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ታፍኖ የቆየ ሳቅ ፈነዳ። የለችም የተባለችው ምስራቅ ነበረች። አየሁሽ፣ «እህ፣ ዋሽቻለሁ! ጾሜን አፈረስሽብኝ አንቺ ልጅ!» አለችና እሷም ሳቀች። ማኅበርተኛዋ ሳትሰናበት መንገዷን ቀጠለች።

ምስራቅ ውኃ ይዛ ወጣች። ትህትና ጣሳውን ተቀብላ አንጠፍጥፋ ጠጣችው። ከዚያ በኋላ ነው፣ «ከፈለግሽ ብቻ ንገሪኝ» ብላ የጠየቀቻት። ልጅቷ ጫማዋን እያየች ተናገረች።

«ክፍላችን ውስጥ የመጠጥ ውኃ የምናስቀምጥበት እንስራ አለ። እናቴ ናት የሠራችው፤ መምህራችን ከገበያ ነው የገዛው። ከሱ ሁሉም ይጠጣል። እኔ ጣሳውን ከነካሁት ግን ያጥቡታል። አንዳንድ ቀን ሲያጥቡት ማየት እችላለሁ። አንዳንድ ቀን አልችልም፤ ያን ቀን እቀራለሁ።»

«እኔ ከመጣሁ በኋላስ ጭራሽ የተውሽው?»

«የተማረ ሰው እንዲህ አይደለም ብዬ ነበር። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነሽ። ውኃችንን እንኳ ሳትቀምሽ ስትወጪ፣ ታዲያ መማር ምን ያደርጋል አልኩ።»

ትህትና ሌላ ጣሳ ውኃ ለመነቻት።

የተቀረውን ልምምዷን ትህትና በምስራቅ ክፍል ውስጥ ጨረሰችው። ትምህርት አልሰጠችም፤ ስለ እኩልነትም አልሰበከችም። ምስራቅ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስትመለስ፣ ትህትና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። በዕረፍት ምስራቅ ከእንስራው ቀድታ ስትጠጣ፣ ትህትና በዚያው ጣሳ፣ ሳይታጠብ፣ ቀጥላ ጠጣች። ይህንኑ በየቀኑ አደረገችው። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ተከተሏት። ብዙዎቹ አልተከተሏትም፤ እስከ መጨረሻው ከቤታቸው ውኃ በፕላስቲክ ይዘው የመጡም ነበሩ። ለምስራቅ ግን ጥቂቶቹ በቁ፤ ባሕር ዳር መሄዱም ቀረ።

ውጤት ሊሰጥ የመጣውን፣ ስጦታው የሚባለውን የዩኒቨርሲቲውን መምህር ደግሞ ጭንቅ ያዘው።

«ደንቡን ያወጣሽው አንቺ፣ ያስጣስሻትም አንቺ» አላት ፈንታነሽን። «ለልጅቷ ምን ልስጣት?»

«እኔም እርስዎን ልጠይቅ ነበር። ጠላው ጉቦ የሚሆነው መቼ ነው? እርቅ የሚሆነውስ?»

ስጦታው ያለችውን ማስታወሻው ላይ ጻፈና፣ «ይህን ጥያቄ ክፍል ይዤው ልግባ» አለ። ትህትና በጥሩ ውጤት አለፈች። ከዚያ ወዲህ ፈንታነሽ አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ «አትቅመሱ» አትልም፤ «ቅመሱ»ም አትልም። ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ ትነግራቸውና፣ «እዚህ ቤት መብላት ምን ማለት ይሆናል? አለመብላትስ?» ብላ ታወያያቸዋለች። ሳይመልሱ አትልካቸውም። መልሱ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ተመልሰው ይመጣሉ፤ በጓደኞቻቸው ፊት ይታረማሉ። የአባቷ ግቢ ትዝ የሚላት ያኔ ነው።

ጎማው ተጠግኖ ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» እያለ ነበር። መንገደኛውና ፈንታነሽ አሁን ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷም በተራዋ ስለሱ ጠየቀችው። ልጆቹ ሁሉ ትዳር ይዘው መውጣታቸውን፣ ሞጣ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው ቤቱ ጭር ማለቱን፣ ባለቤቱ «ለሁለት ሰው ወጥ መሥራት አልተማርኩም» እያለች ሁልጊዜ አተርፋ እንደምትሠራ ነገራት።

«መሪጌታ ሣህለ ማርያምን አውቃቸው ነበር» አላት። «ነፍሳቸውን ይማር። በሚካኤል ዘመድ ልትጠይቂ ነው ሞጣ የመጣሽው?»

«ዳቦው የዘመድ ነው። የመጣሁት ግን ቤት ፍለጋ ነው» አለች ፈንታነሽ። «ምስራቅ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። ሞጣ ቴክኒክና ሙያ ኮምፒውተር ልትማር ተመድባለች፤ የሚመጣው ሰኞ ትመዘገባለች። ሁለት ቀን ሙሉ የሚከራይ ክፍል ስዞር ነበር። ክፍል ሞልቷል። ባለቤቶቹ ታዲያ የማን ልጅ ናት ይላሉ። እኔም አልዋሽም። ያን ጊዜ ክፍሉ ለካ ትናንት ተይዟል። የአባቴ ቤት የደብሩ ስለ ነበር ለተተካው መምህር ተሰጥቷል፤ ዘመዶቼም ራሳቸው ተጠጋግተው ነው ያሉት። ቤት ካላገኘሁላት እናቷ አትልካትም። አልልካትም ብትል እኔም አልፈርድባትም።»

አውቶቡሱ የቢቸናን ዳገት ይዞ ማቃሰት ጀመረ። መንገደኛው ባዶውን የልጁን ክፍል አሰበ። ፈንታነሽ ወደሱ ዞረች።

«እንግዲህ የሸክላ ሠሪዋን ቆሎ ለምን ለመንሽ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኩዎት። አሁን ደግሞ እርስዎን ልለምን ነው።»

«ክፍሉን ነው?» አላት።

«ክፍል ብቻ ቢሆን አላስቸግርዎትም ነበር። ጎጆ የሚያከራይ አንድ ቀን አይጠፋም። ባለቤትዎን አማክረው ይንገሩኝ። ከናንተ ገበታ ቀርባ እንድትበላ ነው የምለምንዎት። ደግሞ ልጅቷ ሽሮ እንደ እናቷ ትሠራለች፤ አንዳንድ ቀን እሷ ሠርታ ስታቀርብ፣ እንግዳ ቤት ውስጥ እያለ እንኳ ቢሆን፣ ትበሉላታላችሁ?»